የአጥር ሥር ቅጠል

የጅሬኑ አናጢ ሸምሰዲን ሁለት ሙያ ነበራቸው፤ በርጩማ ይፈለፍላሉ፣ ጉልበቱ ላበጠ ሰው ደግሞ ቅጠል ቀጥቅጠው ያስራሉ። እኔ የሰፈሩ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። አስፕሪን የሰጠሁት በሽተኛ በማግስቱ እሳቸው ደጅ ተቀምጦ ሳየው እበሽቅ ነበር። ይባስ ብሎ ይሻለዋል!

የሚያስሩት ሁለት ቅጠል ነው። አንዱን አርብ ማለዳ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ከጫካ ይቀነጥሱታል። መድኃኒቱ እሱ ነው፤ ከአባታቸው በመሐላ የተቀበሉት። ሌላው አጥራቸው ሥር የሚበቅል፣ የሚያይ ሰው እንዳይለይ የሚጨመር ማደናገሪያ ነው።

መድኃኒት አዋቂ ለልጁ እውነቱን ቶሎ አይነግርም። በመጀመሪያ ማደናገሪያውን «መድኃኒቱ ይህ ነው» ብሎ ይሰጠዋል፤ ምስጢር መጠበቁን ካየ ከዓመታት በኋላ ትክክለኛውን ያሳየዋል። ሸምሰዲን ግን «አባቴ እኔን አልፈተነኝም» እያሉ ይኩራሩ ነበር። አባታቸው ቅጠሉን ባሳዩዋቸው በዓመቱ ድንገት ሞተዋል።

በ1976 ልጃቸው ቲጃኒ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ሊሄድ ሲል የአጥሩን ቅጠል ሰጥተው አስማሉት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጡ። ጦር ሜዳ ላለ ልጅ መዋሸት እንደ እሾህ ወጋቸው።

በዚያው ዓመት ቆንጂት የምትባል የኬሚስትሪ ተመራማሪ እብጠት የሚያበርዱ ዕፅዋት ልትሰበስብ ከአዲስ አበባ መጣች። ወደ ሸምሰዲን የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ መለሱን። በአራተኛው፣ «ወላሂ፣ እኔ ብሞት፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄም ባይመለስ፣ ማን ያውቀዋል?» ብለው አለቀሱና ሁለቱንም ለየብቻ ቋጥረው ሰጧት።

«ይሄኛው መድኃኒቱ ነው። ያኛው እንኳ ለወጉ ነው።»

«ሁለቱንም እንሞክራቸዋለን፣ አባባ» አለች።

ሙከራው የአይጥ እግር እንዲያብጥ አድርጎ፣ የቅጠሉን ጭማቂ ሰጥቶ እብጠቱን መለካት ነው። በስምንተኛው ወር ደብዳቤዋ ደረሰና አነበብኩላቸው። የጫካው ቅጠል እብጠቱን ምንም አላደረገውም። የአጥሩ ግን በግማሽ ቀንሶታል፤ በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ለመለየት ሥራ ጀምረዋል።

«ተቀያይሮባት ይሆናል» አሉ።

«ሦስት ጊዜ ነው የተሞከረው።»

በርጩማ ይፈለፍሉበት የነበረውን መሮ አስቀመጡ። «አባቴ እኔንም አላመነኝም ማለት ነው?»

ስበሽቅባቸው የኖርኩ ሰው ላጽናናቸው ሞከርኩ። «ታዲያ ቲጃኒ እኮ ትክክለኛውን ይዞ ነው የሄደው» አልኳቸው።

«እኔ ግን ስዋሸው ነው የሰጠሁት።»

በርጩማውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «አባቴም ነገ እነግረዋለሁ ሲል ነው የሞተው» አሉ። «በል ወረቀት አምጣ። ቅጠሉስ እውነት ነው፣ አባትህ ግን ዋሽቶህ ነበር፣ አውፍ በለው፣ ይቅር በለው ብለህ ለቲጃኒ ጻፍልኝ።»

እንዳሉኝ ጻፍኩ።