ያላመለጠች ትሸከማለች

ያ ክረምት አንሶላ የማይደርቅበት ክረምት ነበር። ጠዋት ይዘንባል፣ ከሰዓት ይዘንባል፣ መሃሉን ያካፋል። የእጅ ቆዳ እንደ ራሰ ወረቀት ይላጥ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሳይቀር ሳሙና ሳሙና ይላል። የሆቴሎቹ አንሶላ በጋሪ ይገባል፣ ሴቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጨምቁታል፣ ሌሎቹ ይተኩሱታል።

ጭምቷ የተቀጠረችው በዚያ ክረምት ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም፤ ከአፏ አንድ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል ይሉ ነበር። ሥራው በጓሮው ካለች አንዲት ክፍል ጋር ነው የተሰጣት፤ እግሯ የማይታዘዝላት እናቷም እዚያ ትተኛለች። ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። ይህን እሷም ታውቃለች፣ ሌላውም ሁሉ ያውቃል።

ከጓሮው ወደ ዋናው መንገድ በምታወጣው ጠባብ መተላለፊያ አንዲት አጣቢ ልብሷ ተቀዶ፣ ጥርሷ ረግፎ ከተገኘች ወዲህ፣ የተኳሾቹ ታላቅ ሴቶቹን ራስ መከላከል ማስተማር ጀመረች። ክንዷ የወንድ ጭን የሚያህል፣ ድምጿ የማሽኑን ጩኸት የሚውጥ ስለሆነ «ኮሎኔሏ» ይሏታል።

«እጅሽን ሲይዝሽ ወደ ኋላ አትጎትቺ» ትላለች። «በአውራ ጣቱ በኩል ጠምዝዘሽ ውጪ፤ የጭብጡ በር እዚያ ነው። ከኋላ ካቀፈሽ ደግሞ ሰውዬውን አትታገዪ፣ ትንሿን ጣቱን ታገዪያት። ፈልገሽ ያዣትና ወደ ኋላ ቀንጥሺያት!»

ትምህርቱ ውሎ አድሮ ጨዋታ ሆነ። ሥራ ላይ ያለችውን ሳታስበው ከኋላዋ ጥርቅም አድርጎ መያዝ። «ያላመለጠች ትሸከማለች!» ነው ሕጉ፤ የተሸነፈችው የያዘቻትን ሴት እርጥብ ቅርጫት እስከ ላይኛው ፎቅ ማስጫ ድረስ ትሸከማለች። ጭምቷ ደግሞ ሰው ማሳመም አይሆንላትም። ጣታቸውን ታገኘውና ትለቅቀዋለች። ይህን ሲያውቁ ሁሉም እሷን ብቻ መያዝ ጀመሩ።

«አህያችን መጣች፣ ጫኗት!» እያሉ ይስቃሉ። በልጅነት ዕድሜዋ ወገቧ ጎበጠ።

እናቷ ጀርባዋን እያሸች፣ «ልጄ፣ አንዴ ብቻ አሳምሚያቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካሽም» አለቻት።

በማግስቱ አንሶላ ስታጥፍ፣ በዚያ ሁሉ እንፋሎት መሃል፣ ሁለት ወፍራም ክንዶች ከኋላ ወገቧን ጠመጠሟት። ኮሎኔሏ መሰለቻት። «ዛሬስ አልሸከምም!» ብላ ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ የሰማት አልነበረም። ትንሿን ጣት ፈልጋ ያዘችና እንደ ተማረችው ቀነጠሰቻት። ቀጭ አለ። የጮኸው ግን ወንድ ነው፤ ሴቶቹን የሚያሠራው ተቆጣጣሪ።

ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም እዚያው መተኮሻው ዙሪያ ሰበሰበ። የሰውዬው እጅ ወገቧ ላይ ምን ሊሠራ እንደ ሄደ አልጠየቀም።

«ጨዋታችን መስሎኝ ነው፣ ጌታዬ» አለች ጭምቷ። «ኮሎኔሏ ናት ያስተማረችን። ይጠይቋት።»

ኮሎኔሏ ካውያውን እንኳ አላስቀመጠችም። «እኔ ተኳሽ ነኝ እንጂ ቦክሰኛ ነኝ እንዴ፣ ጌታዬ? ይህቺ ልጅ ለካ ዝም የምትለው ነገር እያውጠነጠነች ኖሯል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ስንቴ ከኋላ የያዟት እነዚያ ሁሉ እጆች ያን ቀን አንሶላ ከመተኮስ አላረፉም። የተቆጣጣሪው እጅ ያልደረሰባት ከመካከላቸው አንዲት አልነበረችም፤ «እኛም እንይዛታለን፣ እሱም ይይዘናል» ያለች ግን ጠፋች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ሥራው ሄደ፣ ክፍሏም ሄደች። እናትየው ከክፍሏ የወጣችው በልብስ ጋሪ ነው። ጋሪውን ያመጣችው ራሷ ኮሎኔሏ ናት። «ነገ በጠዋት መልሺው፣ አንሶላው ይጠብቀዋል» አለች። አሮጊቷ ጋሪው ውስጥ ተጣጥፋ፣ ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ፣ «እኔንም ተኩሳችሁ ብትሸኙኝ ምናለ? ተጨማደድኩ እኮ!» አለች። የሳቀላት የለም።

ጭምቷ ልትገፋ ስትል ኮሎኔሏ የእጇን አንጓ ያዘች።

«አትቀየሚኝ፣ እህቴ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ጭምቷ ወደ ኋላ አልጎተተችም። በአውራ ጣቷ በኩል ጠምዝዛ ወጣች።

«ጎሽ! አሁን ገባሽ» አለች ኮሎኔሏ፣ ባዶ እጇ እንደ ተዘረጋ።

እናትየው ያን ክረምት አልተሻገረችም። ጋሪውም አልተመለሰ። ጭምቷ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው አውቶብስ መናኸሪያው አጠገብ ባለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት በር ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ከዚያው ጋሪ ውስጥ ፎጣ እያወጣች ለመንገደኛ ስታከራይ ነው።