አንዲት ፊደል፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ከቢቸና የተነሳሁት ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሞጣ ያለችው የወንድሜ ልጅ ትዕግስት፣ የአሥራ አራት ወር ልጇ ሶልያና ተቅማጥ እንደያዛት ከትናንት በስቲያ ደውላ ነግራኛለች። እኔም ሁሉን አዋቂ ነኝና «ለምለም ስጧት» ብዬ ዘጋሁ፤ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠውን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ማለቴ ነበር። ትናንት ማታ «ደም ጀመራት» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ የስልክ ምክር አልበቃ አለኝ፤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጉንደ ወይን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

መንገዱ ከወገብ በላይ ያለውን ሁሉ ያላትማል። ሹፌሩ ለቁርስ ሲያቆም ተሳፋሪው ከአንድ ጀሪካን በአንድ ጣሳ ውሃ ጠጣ። ስለ ንጽህና ስጽፍ የኖርኩት እኔም ጠጣሁ። ከዚያ ለትዕግስት ደወልኩ።

«እንዳልኩሽ አደረግሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ ለለምለም ሰጠኋት።»

«ለማን?»

«ለአክስቴ ለምለም ነዋ! እሷ ጋ ናት። ውሃ ያብስባታል ብላ ከልክላታለች።»

ኔትወርኩ ሄደ። ያን ቀን መስመሩ ሲቆራረጥ አንዲት «ለ» ጨምሮብኝ ኖሯል። ታናሽ እህቴ ለምለም ስድስት ልጆች አሳድጋለች፤ የሚከራከራት የለም። የቅኔን ሁለት ትርጉም በየመድረኩ ሳወድስ የኖርኩ ሰው፣ እስከ ሞጣ ድረስ ሁለት ትርጉም የሚባለውን ነገር ስረግም ሄድኩ።

ሞጣ፣ አምስት ሰዓት ተኩል

ለምለም ቤት ስደርስ ሶልያና ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ታለቅሳለች፤ እንባ ግን የላትም።

«ውሃ ስጫት እንጂ!»

«ምን ትጮህብኛለህ? አንተ ስንት ልጅ አሳድገህ ነው?» አለች ለምለም።

አንድም። ልጅቷን አቅፌ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣሁ፤ ትዕግስት እያለቀሰች፣ ለምለም እየሰደበችኝ ተከተሉኝ።

ነርሷ «ደም ካለው ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ሽሮፕ ሰጠች፤ ዱቄቱንም በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጠበጠች። «ቶሎ የሚጎዳት ግን የውሃ ማነስ ነው። ለምለም በማንኪያ በማንኪያ ስጧት።»

«እኔን ነው?» አለች እህቴ።

«ስምዎ ነው? እንግዲያው እርስዎው ይስጧት!»

ልጅቷ ስታስመልስ ትንሽ እየቆየች፣ እንደገና እየጀመረች፣ ለምለም ማንኪያውን ለማንም ሳትለቅ ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሶልያና ጭኔ ላይ ሸናች። ነርሷ «እሰይ! ውሃው ሰውነቷ ገባ ማለት ነው» አለች። ሱሪዬ እንዲህ ተመርቆ አያውቅም።

ቢቸና፣ በማግሥቱ

ስለ ሕዝባችን አለማወቅ ብዙ ጽፌያለሁ። ይህቺን ልጅ ሊገድላት የነበረው ግን የሁለት አዋቂዎች እርግጠኝነት ነው። እህቴ አልጠየቀችም፤ እኔም «ምን አልኩሽ?» ብዬ ሳላስደግም ዘጋሁ።

ቤቴ ስገባ ትዕግስት ደወለች።

«እያለቀሰች ነው ጋሼ።»

«እንባ አላት?»

«ጉንጯ ርሷል።»

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ቢሆንም «ድገሚው» አልኳት።