ቀንድ የሌለበት ኮት

በመንደራችን በቶርቢ ልብስ ሰፊዋን ሃዊስን የማያውቅ የለም። ጎረቤቷ ስለሆንኩ ብዙ ጊዜ ደጇ ላይ ተቀምጬ አጫውታታለሁ፤ መርፌዋ ካልቆመ አፏም አይቆምም። ይህን ግን የነገረችኝ ባሏ ጊልበርት ከሞተ በኋላ ነው።

ሁለቱ የእንግሊዝ ነገሥታት ቤቶች፣ ላንካስተርና ዮርክ፣ በዘውድ ሲጣሉ፣ እኛ ዘንድ የጦርነቱ ነገር የሚታወቀው በኮት ነበር። ጌታው ሲጠራ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቀስተኛ ያወጣል፤ ቀስተኛውም የጌታውን ምልክት ደረቱ ላይ አሰፍቶ ይሄዳል። የኛ ጌታ ከላንካስተር ወገን ነበር፤ ምልክቱም ቀንዱ እስከ ትከሻ የሚደርስ የአጋዘን ራስ። ሃዊስ ሠላሳ ኮት ሰፋች፤ አንዱ የጊልበርት ነው። ዌክፊልድ ላይ ድል አድርገው እየዘፈኑ ተመለሱ። ሦስት ወር ሳይቆይ በሆሳዕና ዕለት ታውተን ላይ፣ በረዶ ፊታቸውን እየመታቸው ተሸነፉ። ጌታው ሞተ። ከሠላሳው የተመለሱት አሥራ ሁለት ናቸው። ርስቱ ለአንድ የዮርክ ሰው ተሰጠ፤ የእሱ ምልክት ደግሞ የበር መክፈቻ ቁልፍ ነው።

ሃዊስ አጋዘኑን ፈትታ ቁልፉን እንድትሰፋ ታዘዘች። በባሏ ኮት ጀመረች። ሰማያዊው ጨርቅ በፀሐይና በዝናብ ነጥቷል፤ ከአጋዘኑ ሥር የነበረው ግን እንደ አዲስ ነው። ቀጭኗን ቁልፍ ብትሰፋበትም ቀንዱ በግራና በቀኝ ወጥቶ ይታያል። ያን ሰሞን ደግሞ ወሬ ተሰማ፤ ታውተን ላይ ከላንካስተር ጋር የቆመ ሁሉ፣ ታማኝነቱ እንዲታይ በሚቀጥለው ውጊያ ፊት ይሰለፋል ተባለ።

“ሁለት ወንድሞቼን ታውተን ወስዶብኛል፤ እሱን የምጨምርበት ምክንያት አልነበረኝም” አለችኝ።

ለጨርቅ ማቅለሚያ ሽንት የምታጠራቅምበት ጋን ጓሮዋ ነበር። ሰማያዊ የሚያወጣውን ቅጠል ጨምራ የጊልበርትን ኮት ነከረችው። ሲደርቅ ቀንዱ ጠፍቷል። የሌሎቹን አሥራ አንድ ኮት ግን ሳትነክር ቁልፉን ብቻ ሰፍታ መለሰች።

በሰልፉ ቀን አዲሱ አዛዥ መጣ። ከደቡብ የመጣ፣ ከኛ ማንንም የማያውቅ ሰው ነው። በደረታቸው ላይ ቀንድ ያየባቸውን አንድ በአንድ ወደ ፊት አወጣ። ጊልበርት ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ያዘ።

“አንተ ምን ነክቶህ ነው?”

“ኮቱ አዲስ ነው ጌታዬ።”

“በዚህ ዕድሜህ ጦርነት አላየህም?”

ጊልበርት አሥራ ስድስት ዓመት ቀስት የሳበ፣ በቀስቱ የሚኮራ ሰው ነው። ሃዊስ ከአጥሩ ሥር ሆና ስታየው አንገቱ ቀልቷል። “አሁን አፉን ይከፍታል፤ አለቀልኝ አልኩ” አለችኝ።

ከፊተኛው ረድፍ የተናገረው ጎረቤታቸው ሮጀር ነው። ታውተን ላይ ከጊልበርት ጎን የቆመ ሰው።

“እሱን ተዉት ጌታዬ። ቀስት ሲያይ ያስነጥሰዋል። ሚስቱ ናት የምታዝዘው፤ ጋን ውስጥም የነከረችው እሷ ትሆናለች።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። አዛዡም ሳቀና ጊልበርትን ከስንቅ ጋሪዎቹ ጋር መደበው።

“ስንቁን ሳትጨርስ ጠብቅልን እንግዲህ” አለው ሮጀር በአጠገቡ ሲያልፍ።

በሰሜን በኩል አንድ ምሽግ ሥር ተዋጉ። ቀንድ ካለባቸው አሥራ አንዱ ሦስት ተመለሱ፤ ሮጀር የለበትም። ጊልበርት ከጋሪው ጋር ደኅና ገባ። ከዚያ ወዲያ ጠላ ቤት ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

የሮጀር ሚስት ኢቦት ከጦር ሜዳ የተመለሰላትን የባሏን ኮት ይዛ ወደ ሃዊስ መጣች፤ ለልጇ እንድታሳንስላት። ሃዊስ ኮቱን ስትዘረጋው ቀንዱ እንዳለ ነው።

“እህቴ፣ ከጊልበርት ኮት ጋር አብረሽ ብትነክሪልኝ ምን ነበረበት?” አለቻት ኢቦት።

“ምን አልሻት?” ብዬ ሃዊስን ጠየቅኳት።

“ጋኑ ከአንድ ኮት በላይ አይዝም አልኳት” አለችና ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። “ሦስት ይይዛል።”