ቀለም የምትለቅ ወፍ

ያን ክረምት የቀበሌያችን መፈክር ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ አንድ ሰፊ ብሩሽና አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ተሰጠኝ። ኮልፌ ውስጥ በየአጥሩና በየአዳራሹ ግድግዳ የነበረው «ይውደም» እና «ወደፊት» አብዛኛው የኔ እጅ ነው።

አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ጽሑፌን ቆም ብለው እያዩ ያልፋሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ካርታ ሲነድፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እርሳስ አይዙም። ጋሼ ነበር የምላቸው።

«ፊደልሽ ጥሩ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ግን ፊደል ዝም ብሎ ይቆምልሻል። የሚተነፍስ ነገር መሳል ሞክረሽ ታውቂያለሽ?»

ሞክሬ አላውቅም ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ለመስከረም ሁለት በዓል የሚጻፍበትን አቡጀዲ ከጦር ኃይሎች ሰፈር ተቀብዬ ስመለስ በረዶ ያዘኝ። ሮጬ የሰፈራችን ቤተክርስቲያን በር ሥር ተጠለልኩ። በረዶው ሲያባራ ግቢው ነጭ ሆኖ ነበር፤ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር ግን አንድ አረንጓዴ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ስል ወፍ ናት። ከቄብ ዶሮ ታንሳለች፣ ጭራዋ ግን ረጅም ነው። አናቷ ላይ ጉትዬ አላት፣ ዓይኗ ዙሪያውን ቀይ ቀለበት አለው። ግማሽ አካሏ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። በረዶው መትቷት ነው መሰል ለመሸሽ እንኳ አልሞከረችም። ሌላ ነገር ስላልነበረኝ በአቡጀዲው ጠቅልዬ አቅፌያት ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ ወፏን ስታይ አዘነች፤ ሳሙና ሳነሳ ግን ተቆጣች። ሳሙና በወር አንዴ ከቀበሌው ሱቅ በራሽን ነበር የሚገኘው።

«ለወፍ? ለልብሳችን ያጣነውን ሳሙና ለወፍ?»

«ጭቃው ከደረቀባት መብረር አትችልም እኮ፣ እማዬ።»

አጉረመረመች፤ ግን ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይዛልኝ መጣች። አንዱን ክንፍ ይዤ ቀስ ብዬ ዘረጋሁት። ከአረንጓዴው ሥር ቀይ ወጣ። እንደዚያ ያለ ቀይ አይቼ አላውቅም። የኔ ጣሳ ቀለም ከሱ አጠገብ የጡብ ስባሪ ነበር። ሳሙና በነካው ጣቴ ጭቃውን ሳሸት፣ ውሃው ቀስ እያለ መቅላት ጀመረ።

«ደማች!» እናቴ ጮኸች። «ገደልሻት!»

ቁስሉን ፈለግን። ላባ በላባ ገልጠን ብናይ ምንም የለም፤ ውሃው ግን ቀልቷል። ጋሼን በአጥሩ በኩል ተጣራሁ። መነጽራቸውን እያስተካከሉ መጡና የአቡጀዲውን ጫፍ አረፋው ውስጥ ነክረው ቀዩን ላባ ጠረግ አደረጉት። ጨርቁ ጽጌረዳ መሰለ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ደም አይደለም» አሉ። «ቀለሟ ነው የለቀቀው።»

«እንደ ርካሽ የነጠላ ጥለት?» አለች እናቴ።

«እንደሱ።»

ማንም አልሳቀም። እናቴ አማተበች። «ፈጣሪ ነክሮ የላካትን እኛ እንጠባት?» ብላ ሳሙናውን ከእጄ ቀማችኝ፤ የቀረውን ጭቃ በውሃ ብቻ አስለቀቅናት። ጋሼ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ሳህኑን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

«አርባ ዓመት ቀለም በውሃ ስበጠብጥ ኖርኩ» አሉ በመጨረሻ። «በውሃ ቀለም የተሠራ ወፍ አለ ብሎ የነገረኝ ግን የለም።»

ያንን ውሃ መድፋት አልቻልንም። በሲኒ ቀድተን መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና ከሥራ ዘመናቸው የተረፈ ወፍራም ወረቀት ይዘው መጡ። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ከረሜላ የተደረደረ ደረቅ የውሃ ቀለም ነበረ። «አንቺ ትስያለሽ፤ እኔ አይልሻለሁ» አሉኝ።

በሩን ዘጋን። በሁለት ወንበር መሃል የመጥረጊያ እንጨት ጋድመን ወፏን እላዩ ላይ አስቀመጥናት። እናቴ ከበረዶው ጋር የረገፈ የጽድ ፍሬ ለቅማ ሰጠቻት፤ በላች። የመጀመሪያ ሥዕሌን ጋሼ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ የመፈክር ወፍ ናት። አንድ አረንጓዴ ቀባሽና ጨረስሽ። እስቲ ቀና በይ። ስንት አረንጓዴ አለ?»

ቆጠርኩ። ደረቷ ላይ ያለው እንደ ለጋ ሣር ነው፤ ጀርባዋ ላይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ጭራዋ ጥቁር ነው ብዬ ሳስብ ስትዞር ወይን ጠጅ ይሆናል። ስድስተኛው አረንጓዴ ላይ ስደርስ ደመናው ተገለጠና ብርሃኑ ሲቀየር ሁሉም ተቀየረ። እንደ አዲስ ጀመርኩ። እንባዬ መጣ። ከሁለት ቀን በፊት ዓለም ላይ አንድ አረንጓዴ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

«መጀመሪያ ቢጫውን አቅጥነሽ አልብሻት» አሉ። «ሲደርቅ ሰማያዊውን ደርቢ። የደፋሽው ጥቁር ተመልሶ አይነጣም፤ ስለዚህ አትቸኩይ።»

ከዓይኗ ፊትና ከአንገቷ ጎን ነጭ ምልክት ነበራት። ነጭ ቀለም ሳጥኑ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

«ነጩ ወረቀቱ ነው። እዚያ ቦታ ስትደርሺ እጅሽን ሰብስበሽ ዙሪው።»

ትንፋሼን ይዤ ዞርኩት። ሥራዬ ሁልጊዜ መሙላት ነበር፤ የተውኩት ባዶ ቦታ እንደዚያ ሲያበራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀዩን ለመሳል ጋሼ ክንፏን ዘርግተው ያዙልኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ላባዎቹም አብረው እየተንቀጠቀጡ እንደ ፍም ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። ከሳጥኑ ቀይ ወስጄ ላባዎቹን አንድ በአንድ ሣልኩ። የመጨረሻዋን ላባ ግን ብሩሼን ሲኒው ውስጥ ነክሬ በወፏ በራሷ ቀለም ቀባኋት። ከሌሎቹ የገረጣች ሆነች።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነበሩ። ሽጉጣቸውን ከወገባቸው የማይለዩ፣ ሲያልፉ ሰፈሩ ድምፁን የሚቀንስላቸው ሰው።

«አቡጀዲው የት አለ?» አሉኝ።

ካሰጣሁበት ገመድ ላይ አውርጄ አሳየኋቸው። ጭቃና ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይዞ ተጨማዷል። ጋሼ ተነሥተው «ጓድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ሲጀምሩ ሊቀመንበሩ እየሰሟቸው አልነበረም። ወፏን አይተዋታል።

«ይቺ እኮ አገሬ አለች» አሉ ቀስ ብለው። «ጫካው ውስጥ ጠዋት ጠዋት ትጮሃለች። እናቴ ስሟን...» ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ግንባራቸውን ያዙ። ስሙ አልመጣላቸውም። «ልንካት?»

በአንድ ጣት ጀርባዋን ዳሰሷት። ከዚያ ሥዕሉን አዩ፤ ወፏን አዩ፤ እንደገና ሥዕሉን።

«ማነው የሣለው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ሌላ አቡጀዲ እልክልሻለሁ። እስከ ዓርብ ይድረስ» ብለው ወጡ። ደጃፉ ላይ ግን ዞር አሉ። «ስትለቋት ጥሩኝ።»

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ጽዱ ዛፍ ወሰድናት። ሊቀመንበሩ ኮፍያም ሽጉጥም ሳይዙ በሹራብ መጡ። እንደሳቸው ያለ ሰው ቤተክርስቲያን ሲገባ መታየት ስለሌለበት ከግንቡ ውጭ ድንጋይ ላይ ወጥተው አንገታቸውን ብቻ አሳዩ። ወፏን የታችኛው ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሳትበር፣ እንደ ሽኮኮ በቅርንጫፉ ላይ እየሮጠችና እየዘለለች እስከ ጫፉ ወጣች። አረንጓዴው ውስጥ ገብታ ጠፋችብን። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አጠለቁ።

በድንገት ከጫፉ ተነሣችና ክንፏን ከፈተች።

የጠዋቷ ፀሐይ ከጀርባዋ ነበረች፤ በላባዎቹ ውስጥ አልፋ ወጣች። ሥዕሌ ላይ ያስቀመጥኩት ቀይ ከዚያ ቀይ ጋር ዝምድና አልነበረውም። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ የት እንደቆምኩ ረሳሁ። ከግንቡ ማዶ ሊቀመንበሩ «አየኋት! አየኋት!» ብለው እንደ ልጅ ጮኹ፤ ከቅዳሴ የሚወጣ ሰው ሲያዩ ከድንጋዩ ወርደው ሄዱ።

ቤት ስንመለስ ቀዩን ላድምቀው ብዬ ብሩሽ አነሣሁ። ጋሼ ከለከሉኝ። «እስከ ቻልሽበት ድረስ ሄደሻል። የቀረው የሷ ነው።»

መፈክሩን ዓርብ አደረስኩ። ጋሼ እስኪሞቱ ድረስ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ወፍ ሣልን። የመጀመሪያዋን ሥዕል አቅርቤ በአንድ የእርሻ ምርምር መሥሪያ ቤት የተክልና የነፍሳት ሠዓሊ ሆኜ ተቀጠርኩ። እዚያ አንድ ባለሙያ ነው የዚያች ወፍ ቀይ ቀለም መዳብ እንዳለበትና ሳሙና እንደሚያስለቅቀው የነገረኝ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። መዳቡ አላስደነቃትም። ምስሯን እየለቀመች፦

«ታዲያ ያን ቀን ያጠብንባት ቀለም ተመልሶ ይወጣል?» አለችኝ።

«ላባዋን ስትቀይር ይመለሳል።»

«እፎይ» አለች። ያን ሁሉ ዓመት ይህንን ታስብ ኖራለች።