የእናቴ ዲቪዲ

በ2000 ዓ.ም. ቡና በሚለቀምበት ወቅት አባቴ ከመንደራችን ከኮንጋ ዲላ ድረስ ይዞኝ መጣ፤ የዲቪዲ ማጫወቻ ዴክ ሊገዛ። እናቴ ካረፈች ዓመት ሆኗት ነበር። ከመዘምራን ጋር ስትዘምር የተቀረጸችበት አንድ ዲቪዲ ብቻ ቀርቶልናል።

ሱቁ ውስጥ ግን የጌም መጫወቻ ፕሌይስቴሽን አየሁ።

"አባዬ፣ ይሄም እኮ ፊልም ያጫውታል!"

ባለሱቁ ሳቀ። "ጋሼ፣ ለማየት ብቻ ከሆነ ዴኩን ይውሰዱ። ይሄኛው የልጅ እጅ ይበዛበታል፤ እየሠራ ከተነካካ ዲስክ ይጭራል።"

አባቴ ፊቴን አየና ፕሌይስቴሽኑን ገዛልኝ።

በሳምንቱ እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ እየዘመረች፣ ማሽኑን ወደ ራሴ ላስጠጋ ብዬ ዲስኩ እየዞረ አነሳሁት። ጭርር አለ። እናቴ አፏን እንደከፈተች ቀጥ አለች።

አባቴ ከደጅ ገባ። "ምን ሆኖ ነው?"

"እንጃ፤ ራሱ ነው የቆመው" አልኩ።

ዲስኩን በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠው። ዙሪያውን ተጭሯል። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባለሱቁ ነግሮኝ ነበር" አለ። ለምን ራሱን እንደወቀሰ ያኔ አልገባኝም። እኔን ስላልተቆጣኝ ብቻ ደስ አለኝ።

ባለፈው ዓርብ፣ እዚህ ዲላ ቤቴ፣ ልጄ የምትጫወትበትን ማሽን ስታነሳ ያው ድምፅ ተሰማ። ሳልጠይቃት እየሮጠች መጣች።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት።"

አቅፌያት ጸለይኩ። እውነቱን እንድነግረው አባቴን እስከዛሬ ያቆየልኝ ጌታ ይመስገን።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ይርጋጨፌ ደረስኩ፤ ከዚያ በሞተር ኮንጋ ገባሁ። አባቴ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላም ሳልለው ጉልበቱን ይዤ፣ "አባዬ፣ ያኔ ማሽኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አልኩት።