ሐጂ ቁርስ ሲበሉ የሚሠራው ኮምፒውተር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የመጣሁት ለሰሊጥ አጨዳ ነበር። ከመተማ አብረውኝ የተሻገሩት መከሩ ሲያልቅ ተመለሱ። እኔ ጎንደር ሳለሁ ኮምፒውተር ተምሬ ስለነበር ገበያው ዳር ባለች ፎቶ ቤት ሥራ አገኘሁና ቀረሁ።

ባለቤቱ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አገሬውም እኛ ሐበሾቹም ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከመፋዛ እስከ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፈር እስከ ኡም ጋርጉር ድረስ ሠርግ ያለው ሰው እሳቸው ጋ ይመጣል። ካሜራ ሲይዙ እጃቸው ዝንፍ አይልም። በርቶ ያለ ሥራ የተቀመጠ ነገር ካዩ ግን ያማቸዋል። መብራት ሲፈልግ ስለሚመጣና ሲፈልግ ስለሚቀር የምንሠራው ጣራው ላይ ባለው ሶላር ነው። ስለዚህ ለሶላት ሲወጡ ኮምፒውተሩን ያጠፉታል፤ እንግዳ መጥቶ ወሬ ከረዘመ ያጠፉታል፤ ማታ ሱቁን ሲዘጉማ ገመዱን ጭምር ነቅለው ጠቅልለው ነው የሚሄዱት።

ከእኔ በፊት ያንን ኮምፒውተር ያዘጋጀው ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ ባለሙያ ነበር። ደንበኛው በፍላሽ የሚያመጣው ቫይረስ ሲያማርረው ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ሲስተም ጫነበት። ከዚያም በሰዓት ሥራ ለሚያስጀምረው፣ ክሮን ለሚባለው ፕሮግራም አንድ ትእዛዝ ሰጠው፦ በየቀኑ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ፎቶዎቹን በሙሉ በጎን ወደተሰካችው ትንሽ ዲስክ ገልብጥ። ይህን አድርጎ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ።

የሠርግ ወቅት ሊገባ ሲል ያቺን ዲስክ ከፈትኳት። ባዶዋን ቁጭ ብላለች። ክሮን ሰዓቱ ሲደርስ ኮምፒውተሩ በርቶ ካገኘው ይሠራል፤ ጠፍቶ ከሆነ ያልፈዋል፤ በማግስቱም ያመለጠኝ ሥራ አለ ብሎ አይመለስበትም። የእኛ ደግሞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ገመዱ እንኳ ግድግዳው ላይ የለም።

ለባለሙያው ደወልኩለት። “ማታ ማታ ታጠፉታላችሁ እንዴ?” አለኝ። እሱ የኖረው ኮምፒውተር ጠፍቶ በማያውቅበት መሥሪያ ቤት ነው። በርቶ ይደር አለ። ይህንኑ ለሐጂ ነገርኳቸው።

“ያ ቢቲ፣ አንቺ ልጄ፣ እኔ ተኝቼ እሱ ለምን ያመሻል?” አሉኝ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ስፈላልግ አናክሮን የሚባል ሌላ ፕሮግራም አገኘሁ። እሱ የሚጠይቀው ሰዓት ሳይሆን ሥራው በስንት ቀን አንዴ መሠራት እንዳለበት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጨረሻ የሠራበትን ቀን ያያል፤ ጊዜው አልፎ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥና ይጀምራል። ደስ ብሎኝ በየቀኑ እንዲገለብጥ አዘዝኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ለአንድ ደንበኛ ፎቶ ሊያሳዩ ሲሉ ኮምፒውተሩ እያጓራ መጎተት ጀመረ። ታመመ ብለው አጠፉት። አናክሮን ያልጨረሰውን ሥራ እንደተሠራ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ሲያበሩት ከአዲስ ጀመረ። እንደገና አጠፉት። ሰንበት እስኪደርስ ሁለቱ እንዲህ ተፋጠጡ፤ እልኸኛነታቸው አንድ ነው፤ እኔ ደግሞ በመሃል ሆኜ ሁለቱንም አባብላለሁ።

አናክሮን ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ሊወሰንለት እንደሚችል ኋላ ነው የተረዳሁት። ሐጂ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ለፋጡር ይወጣሉ፤ ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ ሳሕን ፉል ከበው ከተቀመጡ ቶሎ አይነሱም። እሳቸው ሲወጡ አብርቼው፣ ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ ብቻ እንዲሠራ እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኳቸው። አሰቡበት።

“ስበላ አላየውም፤ ካላየሁት አያመኝም” አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሰላም ኖርን፤ ክረምቱም ገባ። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስናበራው ጠጠር እንደሚፈጭ ቋ ቋ ብሎ ቀረ። ዋናው ዲስክ ሞቷል። ያን ቀን ደግሞ ከኡም ጋርጉር የአንዲት ሙሽራ እናት የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ሊወስዱ ጭቃውን ጥሰው መጥተው በር ላይ ቆመዋል። በካሜራው ካርድ ላይ የነበረውን ለሌላ ሠርግ ስንል አጥፍተነዋል። ሐጂ ወንበር ስበው ተቀመጡና ላባቸውን ይጠርጉ ጀመር። እናትየው ትግርኛ ስለሚያዘወትሩ በአማርኛም በዓረብኛም እያቀላቀልኩ ትንሽ እንዲታገሱ ለመንኳቸው። ትንሿን ዲስክ የጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሰካኋት። ሙሽራዋ ከነሂናዋ፣ ከነሚዜዎቿ ወጣች። አንድም አልጎደለም። ሐጂ አልሐምዱሊላህ ብለው ተነሡና ሻይ አዘዙ።

እናትየው ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ ፊታቸው አልፈካም። እሳቸው ራሳቸው በገቡባቸው ፎቶዎች ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

“ልጄ፣ ይኼ ማሽን ዓይኔን ሊከፍትልኝ ይችላል?” አሉኝ።

እንደማይችል ነገርኳቸው። ሐጂ በነጻ አነሳቸዋለሁ ብለው ካሜራቸውን አወጡ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውንም እንዳይጨፍኑ በሁለቱም ቋንቋ አስጠነቀቅናቸው። እሺ ብለው አፈጠጡ። ሐጂ ታገሡ፣ ታገሡና ቁልፉን ተጫኑት።

ካሜራዋ ላይ ሦስታችንም አጎንብሰን አየን። ጨፍነዋል።