በእሳት ይነዳል የተባለው ውሃ

የውሃ ጥራት ባለሙያ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ በላይ ግቢ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወሰዱኝ። በወረንጦ የያዙትን ጥጥ አልኮል ነከሩና ለኮሱት፤ የቧንቧውን አፍ አንድ ደቂቃ ያህል ለበለቡት።

«አፉ ላይ ያለው ጀርም ካልሞተ የምትመረምረው ውሃውን ሳይሆን የሰው እጅ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ውሃውን ጥቂት ማፍሰስ፣ በጸዳ ጠርሙስ መቅዳት፣ በበረዶ ሣጥን ይዞ በዕለቱ ላቦራቶሪ ማድረስ። ሙያው ይኸው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼዋለሁ። እጄ ጎበዝ ነበር፤ አፌ ግን ሰነፍ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሉማሜ ወጣ ብላ ወደምትገኝ መንደር ለናሙና ሄድኩ። የመንደሩን የጋራ ቧንቧ፣ ቦኖውን የምትጠብቀው ጥሩዬ የምትባል ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። ቁልፉን ይዛ ጧትና ማታ ትከፍታለች። ጥጡን ስለኩስ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እሳቱ ለምንድን ነው?»

«ሥራዬን ልሥራበት፣ እህቴ» አልኳት። ቀና ብዬም አላየኋት። ከወረፋው አንዱ በስልኩ ሲቀርጸኝ እንደነበር እንኳ ልብ አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ቪዲዮው እኛ ቢሮ ደረሰ። ነበልባሉ ይታያል፤ ጥጡ አይታይም። ከሥሩ «ውሃው ጋዝ ገብቶበት በእሳት ይነዳል፤ ደብቀውናል» የሚል ተጽፏል። ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ፣ አልክደውም። የላቦራቶሪው ውጤት ደህና ስለነበር «ኮሊፎርም ባክቴሪያ አልተገኘበትም» የሚል ማስተካከያ ጽፈን፣ ማኅተም መትተን ቀበሌው በር ላይ አስለጠፍን። ለእኛ የምሥራች ነው፤ ውሃው በዓይነ ምድር አልተበከለም ማለት ነው። ያነበበው ሰው ግን ባክቴሪያ የሚለውን ብቻ ይዞ ሄደ። ስለ እሳቱማ አንድም መስመር አልጻፍንም።

መንደሩ ቦኖውን ትቶ ወንዝ ወረደ። ጥሩዬም አብራ ወረደች፤ ብቻዋን ከቦኖው ብትቀዳ ሰው ምን እንደሚላት ታውቃለች። ብዙም ሳይቆይ ተቅማጥ ገባ። ያዘለቻት ልጅ ጤና ጣቢያ በገባች በማግሥቱ ሞተች።

እኔ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ሕዝቡን ሰብስበውልኝ ወደ ቦኖው ወረድን። ጥጡን በአልኮል ነክሬ ከቧንቧው ርቄ ለኮስኩት። «የሚነደው ይኼ ነው» አልኩ። ከዚያ የቧንቧውን አፍ ለበለብኩ፣ አጠፋሁ፣ ከፍቼ ጠጣሁ። መሪጌታው ቀጥለው ጠጡ። ሰው አንድ በአንድ ቀረበ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ጥሩዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዳር ቆማለች።

«ይኼው ነው?» አለችኝ።

«ይኼው ነው።»

«ያን ለት ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ፊቷን አላየሁም። እሷ ሄዳ የሰዉን ጀሪካን ታሰልፍ ጀመር። እስከ ዛሬ ከዚያ በላይ ያፈርኩበት ቀን የለም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አንዳንዴ አዳዲስ ባለሙያዎችን እንዳሠለጥን ይጠሩኛል። የምነግራቸው ይህን ነው፦ ክብሪት ከመጫራችሁ በፊት ምን እንደምትሠሩና ለምን እንደሆነ ቦኖው ዘንድ ለቆመው ሰው ንገሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሳልናገር ቀርቼ ሕፃን ሞታለች።